ዚዮን የሚለው ስም ምን ይገዛል? የወርክስቴሽንና የተራ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ንጽጽር ከቱሉ ዲምቱ

ከቃሊቲ ተነሥቶ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወደሚጀምርበት ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚዘልቅ ሰው፣ በኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ከተደረደሩት ሱቆች መካከል ኮምፒውተር የሚሸጡና የሚጠግኑ ቤቶችን ያገኛል። ደንበኞቻቸው ከሩቅ የሚመጡ አይደሉም፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በኮዬ ፈጬ አንዲት ክፍል ተከራይተው ቢሮ የከፈቱ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያዎች፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወጣቶችና አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች ናቸው። በእነዚህ ሱቆች ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ገዢውን የሚያወላውሉ ሁለት ዓይነት ማሽኖች አሉ። አንደኛው በውጭ አገር መሥሪያ ቤት አገልግሎ ከጨረሰ በኋላ የመጣ፣ ለብቻ ለማንሳት የሚከብድ ወርክስቴሽን፣ ማለትም ለከባድ ሙያዊ ሥራ የተሠራ ኮምፒውተር ነው፤ ለምሳሌ ኤችፒ ዜድ440 ሆኖ በውስጡ የኢንቴል ኩባንያን ባለ 14 ኮር ፕሮሰሰር፣ ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4ን ይዟል። ሁለተኛው እዚያው ሱቅ ውስጥ የተገጣጠመ አነስ ያለ ዴስክቶፕ ሲሆን ፕሮሰሰሩ የዚያው የኢንቴል፣ 6 ኮር ያለው ኮር አይ ፋይቭ 12400 ነው። ዋጋቸው በሚቀራረብበት ጊዜ የሻጩ መከራከሪያ አጭር ነው፦ «ይኼኛው የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው፤ 14 ኮር አለው፤ ያኛው 6 ብቻ ነው።»

ቁጥሩ ትክክል ነው። ድምዳሜው ግን ገዢው በምን ሥራ እንደሚተዳደር ሳይጠየቅ የተሰጠ ነው። የወርክስቴሽን ፕሮሰሰር ሲፈጠር ታስቦ የተሠራው ብዙ ሥራ ጎን ለጎን እንዲያስኬድ፣ ብዙ ራም (ፕሮሰሰሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ የሚይዝ ጊዜያዊ ማከማቻ) እንዲሸከምና ሳይሳሳት እንዲቆይ ነው፤ አንድን ሥራ ከሁሉ ቀድሞ መጨረስ የተራው ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ሙያ ነው። ገዢው በቀኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ካላወቀ፣ ከፍሎበት የማይጠቀምበትን ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ፣ ስሞቹ ራሳቸው ገዢውን ያሳስታሉ። «ኮር አይ ፋይቭ» ሲባል አምስት ኮር ያለው፣ «ኮር አይ ሴቨን» ሲባል ሰባት ኮር ያለው የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም፤ ቁጥሮቹ ግን የደረጃ መለያ ብቻ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ «ኮር» የሚለው ቃል ብቻውን ሲመጣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ትእዛዝ የሚፈጽመውን ክፍል ያመለክታል። «ትሬድ» ደግሞ ኮሩ የሚቀበለው የሥራ መስመር ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱም ፕሮሰሰሮች በእያንዳንዱ ኮር ሁለት ሁለት ትሬድ ያስተናግዳሉ፤ ስለዚህ ዚዮኑ 28፣ ኮር አይ ፋይቩ ደግሞ 12 ትሬድ አላቸው።

ኢንቴል ዚዮን የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዚዮን በመሠረቱ ለሰርቨርና ለወርክስቴሽን እንዲስማማ ሆኖ የተዘጋጀ ፔንቲየም 2 ነበር። ይህ ዝምድና እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በውድ የወርክስቴሽን ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ኮር፣ በየቤቱ ባለው ዴስክቶፕ ውስጥ ካለው ኮር ጋር ብዙውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ነው። ይህንን በግልጽ የሚያሳየው የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ራይዘን 9 7950ኤክስ እና በ2023 የወጣው የወርክስቴሽን ፕሮሰሰር ትሬድሪፐር ፕሮ 7995ደብልዩኤክስ ሁለቱም ዜን 4 በሚባለው የኮር ንድፍ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ባለ 8 ኮር ከሆኑ ትናንሽ የሲሊከን ቁራጮች የተገጣጠሙ ሲሆን፣ ራይዘኑ ሁለት ቁራጭ ይዞ 16 ኮር ይሆናል፤ ትሬድሪፐሩ ደግሞ 12 ቁራጭ ይዞ 96 ኮር ይሆናል። ሲወጡ የነበራቸው ዋጋ 699 እና 9999 ዶላር ነበር። ኮሩ በ6 እጥፍ ሲበዛ ዋጋው ከ14 እጥፍ በላይ ማደጉ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ለኮሩ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል። ራይዘኑ ራሙን በሁለት መስመር ሲያነብ ትሬድሪፐሩ በስምንት መስመር ያነባል፤ ራይዘኑ ለግራፊክስ ካርድና ለማከማቻ 24 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ሲያቀርብ ትሬድሪፐሩ 128 ያቀርባል፤ የራም ጣሪያውም እስከ 2 ቴራባይት ይደርሳል። ሆኖም አንድ ኮር ብቻ በሚሮጥበት ጊዜ ከፍተኛው ፍጥነት የርካሹ ነው፤ ራይዘኑ እስከ 5.7 ጊጋኸርዝ ሲደርስ ባለ 9999 ዶላሩ 5.1 ላይ ይቆማል። 96 ኮር በአንድ ክዳን ሥር ታጭቆ በ350 ዋት ውስጥ መኖር ስላለበት እያንዳንዱ ኮር የሚደርሰው ኃይል የተወሰነ ነው።

ወደ ቱሉ ዲምቱ ሱቅ ስንመለስ በዚህ ላይ የዕድሜ ጉዳይ ይጨመራል። ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ በኢንቴል የዋጋ ዝርዝር ላይ 1745 ዶላር ነበር። ኮር አይ ፋይቭ 12400 በ2022 መጀመሪያ ላይ ሲወጣ 192 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ከፍተኛ ፍጥነት 3.3፣ የሁለተኛው 4.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ከዚህም በላይ በመካከላቸው ባሉት 6 ዓመታት የኮሩ ንድፍ ራሱ ስለተሻሻለ አዲሱ በእያንዳንዱ ምት የሚፈጽመው ትእዛዝ ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ኮር ብቻ በሚደረግ ውድድር ኮር አይ ፋይቩ ዚዮኑን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይቀድመዋል። ሁሉም ኮሮች በሙሉ ኃይላቸው በሚሠሩበት ሥራ ደግሞ የ14ቱና የ6ቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው። ያንን ያህል የተከፈለበት ፕሮሰሰር በዚህ ፍጥነት ዋጋ ያጣው ስለተበላሸ አይደለም፤ የመረጃ ማዕከላት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀይሩና የተነቀለው ፕሮሰሰር የሚገባበት ገበያ ስለሚጥለቀለቅ ነው።

አንድ የማውቀው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ኮዬ ፈጬ ላይ ቢሮ ሲከፍት ዚዮኑን ለሙከራ ተውሶ ለጥቂት ቀናት ሠርቶበት ነበር። ቅሬታው ግራ የሚያጋባ ነበር። አውቶካድ በሚባለው የንድፍ መሳያ ፕሮግራም ላይ ከበድ ያለ ፋይል ሲከፍት ማሽኑ ይንቀራፈፍበታል፤ የማሽኑን ጫና የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፍቶ ሲመለከት ግን ፕሮሰሰሩ 4 በመቶ ገደማ ብቻ እየሠራ እንደሆነ ያሳየዋል። «ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ፕሮሰሰር እንዴት ይዘገያል?» ብሎ ጠየቀኝ። ችግሩን በራሙ፣ ቀጥሎም በሐርድ ዲስኩ ላይ አላከከ፤ ሻጩም ዊንዶውሱን እንደገና ጫነለት።

መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። 28 ትሬድ ባለው ማሽን ላይ አንድ ትሬድ እስከ ጣሪያው ድረስ ሲሠራ ጠቅላላ ድርሻው 100 ለ28 ሲካፈል፣ ማለትም 3.6 በመቶ ብቻ ነው። የቀሩት 27 ትሬዶች የሚሠሩት ስለሌላቸው ቆመው ያያሉ። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ትሬድ የሚያከናውን ፕሮግራም ነው፤ መስመር ሲሳል አንዱ እርምጃ በሌላው ውጤት ላይ ስለሚመሠረት ለሌሎች ኮሮች የሚከፋፈል ነገር ብዙ የለም። የሕንፃ ሞዴል የሚሠራበት ሬቪትም አንዳንድ ተግባራቱን ለብዙ ኮር ቢያካፍልም ሞዴሉን የማንቀሳቀስና የማስተካከል ሥራው በአብዛኛው በዚሁ ባሕርይ ይሄዳል። ስለዚህ ያ 4 በመቶ የሚያመለክተው ዕረፍትን ሳይሆን፣ አንዱ ኮር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሌሎቹ ሊረዱት አለመቻላቸውን ነው። በኮር አይ ፋይቩ ላይ ተመሳሳይ ሁኔታ 8.3 በመቶ ሆኖ ይታያል፤ ሥራው ግን ቀድሞ ያልቃል። ይህ ለማንኛውም ገዢ የሚጠቅም ዘዴ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል፦ አሁን ባለው ማሽን ላይ ሥራው በሚዘገይበት ደቂቃ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ መቶኛውን ማየት፣ ከየትኛውም የሻጭ ምክር ይልቅ ስለሚያስፈልገው ፕሮሰሰር ይነግረዋል። መቶኛው 90ዎቹ ውስጥ ከሆነ ተጨማሪ ኮር ይረዳዋል፤ ከ10 በታች ከሆነ የሚረዳው ፈጣን ኮር ነው።

ሁኔታውን በቀመር ያስቀመጠው ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር ንድፍ ሊቅ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1967 ነበር። የአምዳል ሐሳብ እንደሚለው፣ ከሥራው ውስጥ ሊከፋፈል የማይችለው ክፍል የቱንም ያህል ኮር ቢጨመር የፍጥነቱን ጣሪያ ይወስነዋል። ከአንድ ሥራ 90 በመቶው ሊከፋፈል የሚችል ቢሆን፣ 6 ኮር ሥራውን በ4 እጥፍ ያፈጥነዋል፤ ተመሳሳይ ፍጥነት ያላቸው 14 ኮሮች ደግሞ በ6.1 እጥፍ ያፈጥኑታል፤ ሺህ ኮር ቢደረደርም 10 እጥፍ አይደርስም። ግማሹ ብቻ ሊከፋፈል የሚችል ከሆነ 6 ኮር 1.7፣ 14 ኮር 1.9 እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚሰጡት፤ 8 ተጨማሪ ኮሮች ያመጡት ትርፍ ከእጅ የማይገባ ነው ማለት ይቻላል። ደቦ ላይ የሚያጭድ ሰው ሲበዛ ማሳው ቶሎ ያልቃል፤ ወፍጮ ቤቱ አንድ ከሆነ ግን እህሉ ዱቄት የሚሆነው በወፍጮው ፍጥነት ነው። የዚዮኑ ኮሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከኮር አይ ፋይቩ ኮሮች የሚያንሱ ስለሆኑ እውነተኛው ስሌት ለዚዮኑ ከዚህም የባሰ ነው።

ይህ ሲባል ስፋት የሚያሸንፍበት ሥራ የለም ማለት አይደለም፤ በዚሁ ሰፈር ውስጥ በርካታ አለ። በቪ-ሬይ ወይም በብሌንደር ሬንደር ሲደረግ፣ ማለትም ከሞዴሉ የተጠናቀቀ ምስል በፕሮሰሰሩ ሲሠራ፣ ፕሮግራሙ ምስሉን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ለሁሉም ኮሮች ስለሚያድል፣ ከዚዮኑ 14 ኮሮች አንዱም ሥራ አይፈታም። ኢታብስን የመሳሰሉ የመዋቅር ትንታኔ ፕሮግራሞችም የስሌቱን ከባድ ክፍል ለብዙ ኮሮች ያካፍላሉ፤ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃን ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚፈትሽ ተማሪ የዚህን ጥቅም ያየዋል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ኮሮቹ ቁጥሮቹን የሚያገኙት ከራም ነው። ዚዮኑ ራሙን በአራት መስመር ማንበብ ስለሚችል በዲዲአር4-2400 ራም በሰከንድ 76.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ኮር አይ ፋይቩ በሁለት መስመርና በዲዲአር4-3200 የሚያገኘው 51.2 ነው። ይህ ለዚዮኑ የተሰጠ እውነተኛ ብልጫ ነው፤ ይሁን እንጂ አራቱም መስመሮች የሚሠሩት ቢያንስ አራት ፍሬ ራም ሲሰካ ብቻ ነው። ሻጩ ባለ 32 ጊጋባይት አንድ ፍሬ ራም ሰክቶ «32 ራም አለው» ካለ ቃሉን አላጠፈም፤ ያ ሰፊ መንገድ ግን ሦስት አራተኛው ተዘግቷል፣ በሰከንድ የሚያልፈውም 19.2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ገዢው ክዳኑን አስከፍቶ ፍሬዎቹን ቢቆጥር ይሻለዋል። ኮር አይ ፋይቩም ዲዲአር5-4800 ራም በሚቀበል ማዘርቦርድ (ፕሮሰሰሩና ራሙ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ከተቀመጠ በሁለት መስመር እዚያው 76.8 ላይ ይደርሳል።

የወርክስቴሽኑ ሌላው ሀብት የራም መጠን ነው። ዜድ440 ስምንት የራም ቀዳዳ አለው፤ የተራው ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ሁለት ወይም አራት። የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ልዩነቱ፣ 40 ለ20 ቢሆንም፣ አንድ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ለሚሰካ ሰው ብዙም ስለማይታወቅ እናልፈዋለን።

የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪዎች ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ እዚህ ላይ የኮር ብዛት ክርክሩን ሌላ ነገር ይበልጠዋልና። ካሜራዎቹ የሚቀርጹት ቪዲዮ ተጨምቆ የሚቀመጥ ስለሆነ በማቀናበሪያው ላይ ወደፊትና ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር መፈታት አለበት። በኮር አይ ፋይቭ 12400 ውስጥ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ አለ፤ በውስጡም ኩዊክ ሲንክ የሚባል፣ ሥራው ቪዲዮ መፍታትና መጭመቅ ብቻ የሆነ ክፍል ይገኛል። ይህ ክፍል፣ አዳዲስ ካሜራዎች የሚቀርጹትንና ብዙ ግራፊክስ ካርዶች የሚቸገሩበትን ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 ኤችኢቪሲ ቪዲዮ ሳይቀር ይፈታል። ዚዮን ኢ5 ግራፊክስ የሚባል ነገር በውስጡ ስለሌለው ያለ ግራፊክስ ካርድ ስክሪን ላይ እንኳ ምንም አያሳይም፤ ካርዱ ያንን ዓይነት ቪዲዮ የማይፈታ ከሆነም ሸክሙ በሙሉ በኮሮቹ ላይ ይወድቃል። ሆኖም ገዢው የሚጠነቀቅበት አንዲት ፊደል አለች። 12400ኤፍ የሚባለው ዓይነት ዋጋው ትንሽ ቀነስ የሚለው ይኸው ግራፊክስ ስለተዘጋበት ነው፤ ለቪዲዮ አቀናባሪ ያቺ ትንሽ ቅናሽ ውድ ዋጋ ታስከፍላለች።

የወርክስቴሽን ፕሮሰሰር በጽሑፍ ላይ እምብዛም የማይሞገስበት፣ በእኔ አስተያየት ግን እውነተኛ ክብሩ የሆነው ኢሲሲ ራም መቀበሉ ነው። ተራ ራም መረጃን በ64 ቢት ጥቅል ያስቀምጣል። በዲዲአር4 ኢሲሲ ራም ላይ ለእያንዳንዱ ጥቅል 8 የመቆጣጠሪያ ቢቶች ይታከላሉ፤ ከ72ቱ አንዷ ቢት በኤሌክትሪክ ረብሻ፣ በራሙ እርጅና ወይም ከጠፈር በሚመጣ ጨረር ምክንያት ከ0 ወደ 1 ብትገለበጥ ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ ያርማታል፤ ሁለት ቢቶች አብረው ቢገለበጡ ደግሞ ማረም ባይችልም ስሕተት መኖሩን ያውቃል። ነገሩ የተጋነነ ፍርሃት አይደለም። የጉግልና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በጉግል ሰርቨሮች ላይ ከነበሩት ራሞች በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስሕተት አሳይተዋል። ለሠርግ ቪዲዮ አንዲት የተገለበጠች ቢት ለዓይን የማትታይ ነጥብ ልትሆን ትችላለች። ለመዋቅር መሐንዲስ ግን በአንድ ምሰሶ ላይ የሚያርፈውን ጭነት የሚወስን ቁጥር ልትሆን ትችላለች፤ ለሌሊት ሙሉ ስሌት ደግሞ ጠዋት ሲነቃ የሚጠብቅ ሰማያዊ ስክሪን። ራሙ የሚሳሳተው በዝምታ ስለሆነ ተራ ማሽን ያለው ሰው መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ጥቅም ግን የዚዮን ብቻ አይደለም። ኮር አይ ፋይቭ 12400 ባይኖርበትም፣ የ12ኛው ጄኔሬሽን በርካታ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ኢሲሲን የሚያውቁ ሲሆን፣ የሚፈለገው ደብልዩ680 ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ነው፤ ያንን ማዘርቦርድ በአዲስ አበባ ሱቆች መፈለግ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚፈጸም ስሕተትም አለ። ከአሮጌ ሰርቨር የተነቀለ ርካሽ ራም ገዝቶ በተራ ዴስክቶፕ ላይ የሚሰካ ሰው ማሽኑ አይነሣለትም፤ የሰርቨሩ ራም አብዛኛውን ጊዜ ሬጂስተርድ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ቀዳዳው ቢገጥምም ተራው ፕሮሰሰር አያናግረውም። ዲዲአር5 ራም ላይ «በውስጡ ኢሲሲ አለው» የሚለው አገላለጽም ሊያዘናጋ አይገባም፤ የሚያርመው በራሙ ቺፕ ውስጥ ያለውን ስሕተት እንጂ ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚሄደው መንገድ ላይ የሚፈጠረውን አይደለም።

ከማዕከሉ ራቅ ያለ ሰፈር ለንጽጽሩ የሚጨምረው የራሱ ነገር አለው። የዚዮኑ የሙቀት መጠን በወረቀት ላይ 120 ዋት ነው፤ የኮር አይ ፋይቩ 65 ሲሆን በከፍተኛ ጫና ጊዜ እስከ 117 ሊደርስ ይችላል። በዚዮኑ ላይ የግዴታ ግራፊክስ ካርዱ፣ የራሙ ብዛትና ትልቁ ማዘርቦርድ ሲደመሩ ልዩነቱ ይሰፋል። ልዩነቱ 100 ዋት ነው ብንል በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ቢሮ 20.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር በተደረገበት ጊዜ ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። ከሒሳቡ የሚበልጠው ግን መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። በየቢሮው የሚታየው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ሊሸከም የሚችለው ከ360 እስከ 400 ዋት ገደማ ነው፤ ኮር አይ ፋይቩ ከነስክሪኑ በዚህ ውስጥ ፋይሉን አስቀምጦ ለመዝጋት በቂ ደቂቃ ያገኛል፤ ከባድ ካርድ የያዘ ወርክስቴሽን በሬንደር መካከል ከሆነ ግን ዩፒኤሱ ጮኾ ወዲያው ሊተወው ይችላል።

ከፍታውም አለ። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ይበልጣል፤ በሰሜን በኩል ያለው ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ አንድ ማራገቢያ በተመሳሳይ ዙር የሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ነው። አንዳንድ የወርክስቴሽን አምራቾች ይህንን በመመሪያቸው ላይ አስፍረውታል፤ ከ1500 ሜትር ገደማ በላይ በየ305 ሜትሩ ማሽኑ የሚችለው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ የአየር ጠባይ 2 ዲግሪ ብዙም አያስጨንቅም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ማሽኑ የተቀመጠው በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ከቤቱ ፊት ያለው መንገድም ገና ያልተነጠፈ ከሆነና የበጋው አቧራ የሙቀት ማስተንፈሻውን ክንፎች ከደፈነ ሒሳቡ ይለወጣል። አገልግሎ የመጣ ማሽን ውስጥ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ደርቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት ለግማሽ ሰዓት ሬንደር እያስደረጉ ሙቀቱን መከታተል አይከፋም።

የመለዋወጫና የሶፍትዌር ዕድሜ ነገርም ከዚሁ ጋር ይነሣል። የተራው ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል መርካቶ ወርዶ ሌላ መግዛት ይቻላል። የዜድ440ና የመሰሎቹ ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ግን በአምራቹ የተለየ ቅርጽና ማገናኛ የተሠሩ ስለሆኑ መተኪያቸው ከሌላ ተመሳሳይ ማሽን ነው የሚነቀለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዚዮን ኢ5 ቪ4 ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ሱቆቹ መስፈርቱን አልፈው ይጭኑታል፤ ይሠራልም። ለደንበኛ ሰነድ የሚይዝ ቢሮ ግን በይፋ ባልተደገፈ ማሽን ላይ መቀመጡን አውቆ መግባት አለበት። ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ይህ ጭንቀት የለም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከሆነ በኋላ፣ ያገለገለ ማሽን መፈለግ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ግዴታ የሆነባቸው ገዢዎች እንዳሉ መካድ አይቻልም። ለእነሱ አዲስ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ መደምደም የተሟላ ምክር አይሆንም፤ አዲስ መሆን በራሱ ዋስትና እንዳልሆነም የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያሳያል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ጄኔሬሽን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች፣ በተለይም እስከ 253 ዋት የሚወስደው ኮር አይ ናይን 14900ኬ ያለበት የላይኛው ደረጃ፣ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየተሰጣቸው በጊዜ ሂደት ይጎዱ እንደነበር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ ማይክሮኮድ የሚባል የፕሮሰሰሩን አሠራር የሚያስተካክል ፕሮግራም አውጥቷል፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። ከእነዚህ ውስጥ ያገለገለ የሚገዛ ሰው የማዘርቦርዱ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ የሚሠራው መነሻ ፕሮግራም) መታደሱን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ የደረሰ ጉዳት ግን በማስተካከያው አይመለስም። በዝቅተኛ ፍጥነት በእርጋታ እንዲሠራ የተወሰነው ዚዮን በዚህ ረገድ ከዘመናዊው ፈጣን የተሻለ እንቅልፍ ይሰጣል።

የኮዬ ፈጬው ባለሙያ በመጨረሻ የያዘው 12400ን ነው፤ ኤፍ የሌለበትን፣ ከ32 ጊጋባይት ራም ጋር። አውቶካዱ መንቀራፈፉን አቆመ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ግን ለአንድ ገስት ሐውስ የውጭና የውስጥ ገጽታ ምስል እንዲያዘጋጅ ሥራ አገኘና ዛፉና የቤት ዕቃው ሁሉ የተጫነበት ትዕይንት በ32 ጊጋባይት ውስጥ አልገባ አለው፤ ሬንደሩ ሲጀመርም ማሽኑ ተይዞበት ሌላ ሥራ መሥራት አልቻለም። ያን ጊዜ ተውሶት የነበረው ዚዮን አሁንም ሳይሸጥ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ሻጩ ራሙን ወደ 64 ጊጋባይት አሳድጎታል። ሁለቱ በምስል ብዛት ሒሳብ ተስማሙ። ባለሙያው ቀን በራሱ ማሽን ይስላል፤ ወደ ማታ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ሱቁ ድረስ ይሄዳል፤ ሌሊት መብራት ካልጠፋ ጠዋት ምስሉን ተጠናቆ ያገኘዋል።